ለጎረቤት ሁሉ ያበራው ጀነሬተር

«አጥፋው! ነጅሙ፣ አጥፋው ብዬሃለሁ!»

እማማ ደብሪቱ ናቸው። የነጅሙዲንን የግቢ በር በሁለት እጃቸው ይደበድባሉ...

ነጅሙዲን ሲከፍት ደነገጠ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጎተታል፤ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም።

«ምን ሆኑ እማማ? ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም! አንተ ስታወራ ግን ይሞታል። ጀነሬተሩን አጥፋ!»

ሮጦ አጠፋው። ሰፈሩ ጭልም አለ።

ቆይ ቆይ... ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ነጅሙዲን ቆቦ ውስጥ የታወቀ የሽንኩርት ነጋዴ ነው። ሳቂታ፣ ለጋስ... ትንሽ ደግሞ ግትር። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን ትንሽ አይደለም።

ጀነሬተሩን የገዛ ሰሞን ቢኒያም የሚባል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠራ።

«ጋሽ ነጅሙ፣ መጀመሪያ ቼንጅ ኦቨር እናስገባ» አለው ቢኒያም። «የመንገዱን መስመርና ጀነሬተሩን የሚለያይ ማብሪያ ነው። ወይ ከዚያ ወይ ከዚህ... ሁለቱ በፍጹም አይገናኙም።»

«እሱ ከገባ የእኔ መብራት ጎረቤት ይደርሳል?»

«ኧረ እንዳይደርስ እኮ ነው! ወደ ውጭ መስመር ከወጣ ሰው ይገድላል።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ! ጎረቤቴ ጨለማ ተቀምጦ እኔ ብቻዬን አምፖል ስር ላፈጥር? ወላሂ አይዋጥልኝም!»

ቢኒያም ለመነው... ተቆጣው... በመጨረሻ «በዚህማ እጄን አላስገባም» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

ነጅሙዲን ምን አደረገ መሰላችሁ? ጀነሬተሩን ራሱ ከውጭው መስመር ጋር አገናኘው።

ሰፈሩ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ሽቦው ይቆረጣል። ያኔ የነጅሙዲን ጀነሬተር ይነሳል፤ በየቤቱ አንዳንድ አምፖል ይበራል። ምጣድ መሰካት ክልክል ነው!

ምርቃቱን ብትሰሙ...

«አላህ ይጨምርልህ!» ይላል አንዱ። «እመብርሃን ትጠብቅህ!» ትላለች ሌላዋ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሏል ይሄ ነው።

አንድ ቤት ብቻ አይበራም። የእማማ ደብሪቱ ቤት።

የጀነሬተሩን ድምፅ ሲሰሙ የቆጣሪያቸውን ብሬከር አውርደው ሻማ ይለኩሳሉ።

«ራዊያ፣ እኚህ ሴትዮ ምን በድያቸው ነው?» ይላታል ሚስቱን። «መብራቴን ተጸይፈው ነው እንጂ...»

«አቦ ተው! በበዓላቸው ከእኛ ሳይደርሱ የሚውሉት መቼ ነው? ሂድና ጠይቃቸው።»

አልጠየቀም። ውስጥ ውስጡን ተቀየማቸው። ሰላምታውንም አሳጠረው።

ያን ቀን ረመዳን ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሽቦውን ቆረጠው፤ መግሪብ ሊደርስ ሲል ጀነሬተሩ ተነሳ፣ ሰፈሩ በራ... በሩ ተደበደበ።

እማማ ደብሪቱ እጁን ይዘው እየጎተቱ እስከ መንገዱ ጥግ ወሰዱት።

ምሰሶው ላይ አንድ ወጣት አለ። የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ካሳ ይባላል። መስመሩ ከላይ ተዘግቷል ተብሎ የወጣ ልጅ... እጁ ከሽቦው አንድ ክንድ እንኳን አይርቅም።

ነጅሙዲን ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ።

«ያ ረቢ... ገድዬው ነበር እኮ!»

እማማ ደብሪቱ አጠገቡ ተቀመጡ።

«ባሌ አራጌም እንዳንተ ደግ ነበር» አሉ። «ጎብዬ ስንኖር ጀነሬተር ነበረን። ለጎረቤት ያበራ ነበር...»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«አንድ ልጅ ምሰሶ ላይ እንዳለ በእኛ መብራት ሞተ። አራጌም ከዚያ ወዲህ ሰው ሆኖ አልኖረም፤ እህል እንኳን አልወርድለት አለ። እሱን ቀብሬ ነው ወደ ቆቦ የመጣሁት።»

ነጅሙዲን ቀና ብሎ አያቸው። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አፈርኩ ልጄ። የነፍሰ ገዳይ ሚስት ብትሉኝስ? ዛሬ ልጁን እላይ ሳየው ግን... ማፈሬ የት እንደገባ እንጃ።»

ነጅሙዲን እንባው መጣ። ጉልበታቸው ላይ ተደፋ።

«አፉ ይበሉኝ እማማ። ንቀውኝ መስሎኝ...»

«ተነስ፣ አንተ ደግሞ! እኔም አንተም ብንናገር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

በማግስቱ ቢኒያም ተጠርቶ መጣ። ያን ማለያያ ቼንጅ ኦቨር ገጠመው። የእጀታውን ሦስት ቦታ አሳየው... መስመር፣ ዜሮ፣ ጀነሬተር።

የጎረቤትስ ነገር? ነጅሙዲን መላ አጣ እንዴ? አላጣም! ግቢው ውስጥ ያለውን የሽንኩርት መጋዘን ጠርጎ አምፖል ሰቀለበት።

«መብራቱ ወደ ሰው ከሚሄድ ሰው ወደ መብራቱ ይምጣ!» አለ።

በቀጣዩ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ካሳም ተጋብዟል።

ነጅሙዲን ጮክ ብሎ እየተናገረ ይሠራል። «የቤቱን ብሬከር ሁሉ አወርዳለሁ... ጀነሬተሩን ደጅ አስነሳለሁ፤ ቤት ውስጥ ጭሱ ይገድላል... እጀታውን ወደ ዜሮ፣ ከዜሮ ወደ ጀነሬተር... አሁን ብሬከሮቹን አንድ በአንድ!»

«ማሻአላህ! ሠርግ ላይ የሚመርቅ ሽማግሌ መሰለ እኮ!» አለች ራዊያ። መጋዘኑ በሳቅ ሞላ።

ቴምሩ ዞረ፣ ምግቡ ቀረበ። እማማ ደብሪቱ ካሳ አጠገብ ተቀምጠዋል። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱት። እሱ ሳይውጥ ሌላ ጠቀለሉ።

«ኧረ በቃኝ እማማ!»

«ብላ የኔ ልጅ... አንተ ብላልኝ» አሉና በነጠላቸው እንባቸውን ጠረጉ።

ወዳጆቼ... ደግ ልብ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያውቅ ሰው ሲናገር መስማትም ያስፈልጋል። ያፈርንበት ታሪክ ደግሞ የሌላውን ሕይወት የሚያተርፍ ከሆነ መናገሩ ይሻላል።

እስቲ በእውነት መልሱልኝ... እናንተ በእማማ ደብሪቱ ቦታ ብትሆኑ የሟች ባላችሁን ጥፋት ለጎረቤት ትናገሩ ነበር? ወይስ ሻማችሁን ለኩሳችሁ ዝም ትሉ ነበር?