የማይሳሳት ጣት

የለንደኑ ሰዓት ሠሪ ዕድሜውን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ማማዎች ላይ፣ ከደወል ሥር፣ ሰዓት ሲተክል ስለኖረ ጆሮው ደክሟል። ሰዓት መሄድና መቆሙን የሚለየው በጣቱ ነካ አድርጎ ነው። «የሽማግሌው ጣት አይሳሳትም» ይላል ሰፈሩ።

ሚስቱ አግነስን ትኩሳት አልጋ ላይ ከጣላት ወዲህ ከአጠገቧ አልተነሳም። በማለዳ ጎረቤታቸው ማርጀሪ ሾርባ ይዛ ስትገባ፣ እጁን ሚስቱ ደረት ላይ፣ ከወፍራሙ ሻርፕ በላይ አሳርፎ አገኘችው።

«እንዴት አደሩ አባባ? ተሻላቸው?» አለች ጮክ ብላ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ተኝታለች። ልቧ ደህና ይመታል።»

ማርጀሪ የአግነስን ፊት አየችና ሳህኑን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ለደወሉ ሰው ልንገር መሰለኝ።»

«ደወል የሚደወለው ለሞተ ሰው ነው!» አላት ተቆጥቶ። «ይሄ ጣት ተሳስቶ ያውቃል?»

ማርጀሪ እጇን ከሻርፑ ሥር አስገባች፤ የአግነስ ገላ ቀዝቅዟል። አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለች ትንሽ ሰዓት አገኘች፤ ለሠርጋቸው ብሎ በገዛ እጁ የሠራላት ናት። አወጣችና ዓይኑ ፊት ያዘችለት። ሰዓቷ ትሄዳለች።

ሽማግሌው አልደነገጠም። ተቀብሏት ቀስ ብሎ ወደ ቦታዋ መለሳት፤ ሻርፑንም መልሶ አለበሳት።

«አውቃለሁ» አላት። «ዛሬ ጠዋት የሞላኋት እኔ ነኝ።»