በምሽጉ በር ላይ ያሉ መዳፎች

ባሏን ደምሴን ለማሳከም ህንድ በመጡበት ጊዜ፣ ዴልሂ ያለው ሐኪም «ከዚህ በኋላ ልናደርግለት የምንችለው የለም» ብሎ ለእታፈራሁ ለብቻዋ ነገራት። እሷ ግን ባሏን «ድነሃል ተብሏል፤ እስቲ በዚያው አገር እንይ» አለችው። ደምሴም ደስ ብሎት እሺ አለ።

ራጃስታን ከሚባለው የህንድ ግዛት ደርሰው ወደ አንድ ጥንታዊ ምሽግ ሲገቡ፣ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተቀረጹ ትናንሽ የሴት መዳፎች አየች።

«የነገሥታት ሚስቶች ናቸው» አለ አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባል ሲሞት ከአስከሬኑ ጋር ሊቃጠሉ ሲወጡ፣ አሻራቸውን እዚህ ትተው ያልፉ ነበር።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መዳፎቹ አልለቀቋትም። በመስታወት ባጌጠው የንግሥቶች አዳራሽ ሲያልፉ፣ አንዲት ሴት ከኋላ የምትከተላት እየመሰላት ደጋግማ ዞር አለች። ደምሴ ግን እየሳቀ ፎቶ ያነሳት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የህንዱን ነብር ለማየት በጂፕ ወደ ዱር እንስሳት መጠለያው ገቡ። ዛፍ ላይ ያሉት ጦጣዎች በድንገት ሲንጫጩ ሾፌሩ «ነብር ሲያዩ ነው እንዲህ የሚጮኹት» ብሎ መኪናውን አቆመ። ደምሴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«አገራችን ስንገባ ለልጆቹ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ አንቺ አትጨነቂ።»

«ምኑን?»

«ሐኪሙ ያለውን። ላንቺ ከመንገሩ በፊት ለእኔ ነግሮኝ ነበር። ‹ለሚስቴ ድኗል በልልኝ› ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ። አንቺ መጥተሽ ‹ድነሃል› ስትዪኝ ደግሞ፣ ምን ብዬ ላፍርስብሽ?»

እታፈራሁ እጁን ይዛ አለቀሰች።

«በይ እንባሽን ጥረጊና ተመልከቺ» አላት። «ነብሩ እየመጣ ነው።»