ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ እሁድ እሁድ እጁን የሚያነሳው ሰው

«ዝጊው... ዓሣማ ጓንግ ወንዝም ሞልቶልኛል።»

አገኘሽ ናት እንዲህ ያለችው።

መተማ ዮሐንስ፣ ከጉምሩኩ ወረድ ብላ የተቀደደ የሰሊጥ ጆንያ የምትሰፋ፣ ምላሷም እንደ መርፌዋ የሆነ ሴት ናት።

ፈጣን ኢንተርኔት ቤቷ የገባው በዚያው ቀን ነው።

መስመሩን ያመጣችላት ጎረቤቷ ሳቢራ ናት፤ ስልክና ካርድ ትሸጣለች። እንዲህ ያለ ፍጥነት ለወሬ ብቻ አይባክንም፣ አቅሙን የሚያሳይ ገጽ እንፈልግለት ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የባሕር ውስጥ ቪዲዮ ከፈተችላት... የዓሣው ቅርፊት አንድ በአንድ ይለያል። የጓንግን ዓሣ ያስጠራት ይኼ ነው።

ቀጥላ ምድርን ከሰማይ የሚያሳይ ካርታ ከፈተች። ወረዱ... ወረዱ... የአገኘሽ ጣሪያ ላይ አረፉ።

አገኘሽ የዛገ ቆርቆሮዋን አይታ ተቆጣች። ጎረቤት ያላየብኝን ጉድ ከሰማይ ሆኖ የሚያይ ምን ዓይነት ባለጌ ነው አለች።

ሳቢራ ሳቀች። የድንበሩን ድልድይ ተሻግረው ከሱዳን እንደሚመጡት ሰዎች «ኻልቲ» ነው የምትላት፤ በዐረብኛው አክስቴ ማለት ነው።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ፍጥነት ምን ሊያደርጉት ነው፣ ኻልቲ?»

«ልጄን ላይበት።»

ልጇ ደረበ በሱዳን አልፎ፣ በሊቢያ አልፎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ጣሊያን የገባ ነው። ሌላ ልጅ የላትም።

ስልክ መደወል አይወድም። ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ይባባል ይላታል።

በምትኩ አንድ ነገር አስለመዳት። እሱ የሚኖርባት የወደብ ከተማ አደባባይ ላይ፣ ቀን ከሌት ለዓለም በቀጥታ የሚያሳይ ካሜራ አለ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ክፈቺው፤ አደባባዩ መሃል ካለው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አጠገብ ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ እጁን የሚያነሳው እኔ ነኝ አላት።

በድሮው ኔትወርክ ምስሉ ይቆማል፣ ይቆራረጣል፣ እንደ ተበተነ ሰሊጥ ነጠብጣብ ይሆናል። ፊት አይለይም።

ቢሆንም ሰማያዊው ይመጣል... እጅ ይነሳል... አገኘሽም እዚህ ሆና እጇን ታነሳለች።

ሰፈር ውስጥማ የኮራችውን ኩራት! ጎረቤቷን አሰበችን ባገኘቻት ቁጥር፣ ያንቺዎቹ የሚደውሉት ሲቸግራቸው ነው፣ የእኔው ግን ቆሞ እጅ ይነሳኛል ትላታለች። አሰበች ነጠላዋን ሰብስባ ትሄዳለች።

ከእሁድ እስከ እሁድ ያለውን ዝምታ ግን እሷና ጆንያዎቿ ናቸው የሚያውቁት...

ፈጣኑን መስመር ያስገባችው ፊቱን ለማየት ነው። ከስቶ ይሆን? ጢም አውጥቶ ይሆን? የእናት ነገር።

እሁድ ደረሰ። ሳቢራ ከፈተችላት።

ምስሉ እንደ ታጠበ መስታወት ጠራ። የርግቦቹ እግር ሳይቀር ይታያል።

ሰማያዊው ጃኬት መጣ። ፏፏቴው አጠገብ ቆመ። ቀና ብሎ ካሜራውን አየ...

ደረበ አይደለም።

በዕድሜ የገፋ፣ ረጅም፣ ጥቁር ሰው ነው። እጁን አነሳ፤ ከዚያ መልሶ ደረቱ ላይ አሳረፈው።

ያን ሁሉ ጊዜ ጃኬቱን የሚያስተካክል ይመስላት ነበር። ለካ ከድልድዩ ማዶ ያሉ ሰዎች ሰላምታ ነው... ደጇ ላይ በየቀኑ የምታየው።

ሳቢራ ለደረበ ደወለች። ደጋግማ ደውላ ሲያነሳ አገኘሽ ስልኩን ተቀበለቻት። ጃኬትህን ለብሶ የቆመው ማነው አለችው።

ከደረበ አፍ ይኼ ቃል ወጣ።

«አሁንም እዚያ ይቆማል እንዴ?»

ደረበ ያን ከተማ ከለቀቀ ቆይቷል። የሄደ ዕለት አብሮት ይኖር ለነበረው ለአብዱረሕማን ጃኬቱን ሰጥቶ፣ ለዛሬ ብቻ በእኔ ቦታ ቁምልኝ፣ እናቴ ታያለች ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ረሳው።

ሰውዬው ማነው ስትለው ነገራት። ትውልዱ ገላባት ነው። እናቱ ካርቱም ሳለች ጦርነቱ ተነሳ፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። እሁድ እሁድ ወደ ፏፏቴው ስወጣ «አንተን የሚያይህ ሰው አለ» እያለ ይቀናብኝ ነበር አላት።

ገላባት... ከጆንያ ክምሯ ቀና ብትል ከድልድዩ ማዶ የምታየው የሱዳን መንደር።

ደረበ ይቅርታ ማለት ሲጀምር አቋረጠችው።

«ድምፄን ስትሰማ ሆድህ የሚባባው፣ ሆድ ካለህ ነው።»

ስልኩን ለሳቢራ መለሰችላት።

ወዲያው አሰበች ብቅ አለች። በፈጣኑ መስመር ልጅሽን እንዴት አየሽው ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ላይ ፈገግታ አለበት።

ሳቢራ አንገቷን ደፋች።

አገኘሽ መርፌዋን አነሳች...

«ልጄ ደህና ነው። ጠቁሯል እንጂ።»

በቀጣዩ እሁድ እዚያ ዝናብ ነበር። አደባባዩ ላይ ማንም የለም።

ሰማያዊው ጃኬት ግን መጣ። እጁን አነሳ፣ ደረቱ ላይ አሳረፈ። ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ... በድሮው መስመር ይኼ አይታይም ነበር።

ሳቢራ ከንፈሩን አየችና ቀስ ብላ «ኻልቲ ነው የሚለው» አለች።

አገኘሽ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች።

እሱ አያያትም... ካሜራው የሚያሳየው ወደዚህ ብቻ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ... መስመር ቢፈጥን ፊትን ያጠራል እንጂ ልብን አያቀርብም። ልጅነትም በመወለድ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዝናብ ፏፏቴው አጠገብ የሚቆም አይኖርም ነበር።

እስቲ ንገሩኝ... የአገኘሽ ልጅ ማንኛው ነው?

«ሁለቱም» ብሎ መሸሽ የለም። አንዱን ምረጡና ጻፉ።