ሠላሳ ሜትር ከወንዙ

እማማ ሾዴ ከቁስቋም በሚወርደው ወንዝ ዳር የሜትሩን ጫፍ በእግራቸው ረግጠው ያዙ። ቀያሹ ሜትሩን እየዘረጋ ወደ ግቢያቸው ወጣ፤ ከወንዙ እስከ ሠላሳ ሜትር ያለ ቤት ሁሉ ፈርሶ ዛፍ ሊተከልበት ነበር። ሠላሳው ሽንት ቤታቸውን አልፎ፣ ለቤቱ ግድግዳ አንድ ክንድ ሲቀረው አለቀ።

«ቤትዎ ተርፏል» አላቸው። «ሽንት ቤቱ ግን ይነሳል፤ ወደ ወንዙ ነው የሚፈሰው።»

እሳቸው ዓይናቸውን ከውኃው አልነቀሉም። «ጓድ፣ ይሄ ውኃ ምጽዋ ይደርሳል? ልጄ እዚያ ባሕር ኃይል ነው። ጠዋት ጠዋት ባሕሩ ውስጥ እንደሚዋኝ ጽፎልኛል።»

ቀያሹ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «አይደርስም፣ እማማ። አዋሽ ገብቶ አፋር በረሃ ይቀራል።»

እማማ ሾዴ በረጅሙ ተነፈሱና እግራቸውን ከሜትሩ ላይ አነሱ።

«ተመስገን» አሉ። «ቤቱንስ ምን አልከኝ?»