የአስካለ ጠብታ

ከሽፈራው ቅጠል የተቀመመው የስኳር መድኃኒት፣ ረቂቅ ቅንጣቶቹ የሚሠሩት ከበሽተኛው ጋር አሥር ዓመት ከአንድ ማዕድ የበላ ሰው የጣቱን ደም ጠብ ሲያደርግበት ብቻ ነበር። ለዚህም ነው የይርዳው የቀድሞ ሚስት አስካለ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የምትመጣው። አዲሷ ሚስቱ ትርንጎ ካገባችው ገና አራት ዓመቷ ነው። አስካለ ተቀመጪ ሳትባል ትቀመጥና፣ "ዛሬም ጨው አበዛህ አይደል?" ስትለው ይርዳው ይስቃል። ያ ሳቅ የትርንጎን አንጀት ያሳርረዋል።

አንድ ቅዳሜ አስካለ ሳትደርስ ትርንጎ የራሷን ጣት ወግታ ብርጭቆው ውስጥ ጠብ አደረገች። "ተኝተህ ሳለ መጥታ ሄደች" ብላ አጠጣችው። ረፋዱ ላይ ይርዳው ከንፈሩ ደርቆ ተዝለፈለፈ።

አስካለ ስትደርስ ትርንጎ እያለቀሰች፣ "የኔን ደም ነው የሰጠሁት፣ እትዬ" አለቻት።

"ወይ አንቺ ልጅ! ስድስት ዓመት መታገሥ አቃተሽ?" አለች አስካለ፤ ጣቷን ወግታ አዲስ መድኃኒት በማንኪያ አጠጣችው።

ይርዳው ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። ዓይኑን ሳይገልጥ አጠገቡ ያገኘውን እጅ ጨበጠና፣ "አስኩዬ" አለ።

የጨበጠው የትርንጎን እጅ ነበር። ትርንጎ ቀና ብላ አስካለን አየቻት። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ "አቤት" አለችው።