የጋሽ ደምሴ ቅናት እና የሩዋይዳ ክሊፕ

«ሌባ! ይቺ ልጅ ሌባ ናት!»

ጋሽ ደምሴ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረው…

ባለቤቱ እታፈራሁ ደንግጣ ከጓዳ ወጣች።

«ማን ናት ሌባዋ?»

«ሩዋይዳ ናታ! የኔን ቀረጻ ሰርቃ ነው አገር የሚያጨበጭብላት!»

ጋሽ ደምሴን ለማታውቁት… ሀዋሳ ውስጥ የዘፈን ክሊፕ በካሴት ካሜራ ይቀረጽ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ካሜራ የተሸከመ ሰው ነው።

ያኔ ዘፋኙ አበባ ይዞ ይቆማል… ተወዛዋዦች ከኋላው ይደረደራሉ… አለቀ!

አንዱን ዘፋኝ ሦስት አድርጎ ማሳየት ራሱ እንደ ተአምር ይቆጠር ነበር።

በኋላ ቪሲዲ መጣ። የጋሽ ደምሴ ስም በየሽፋኑ ጀርባ ይታተም ጀመር። ሀዋሳ ፒያሳ ላይ ሲያልፍ ሰው «እሱ ነው» እያለ ይጠቋቆማል።

ከዚያ ዩቲዩብ መጣ… ድሮን መጣ… ዘፋኞቹም ወደ ወጣቶቹ ሄዱ።

እሱ ጠባብ ስቱዲዮው ውስጥ ሰርግና ምርቃት እየቀረጸ ቀረ።

ሩዋይዳ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች እዚያው ስቱዲዮ እየመጣች «ጋሼ፣ ይሄን እንዴት ቀረጹት?» እያለች ስትጨቀጭቀው የነበረች ልጅ ናት።

አሁን እሷ ራሷ ዳይሬክተር ሆና የሠራችውን ክሊፕ ሚሊዮኖች አዩት!

ካፌ ሲገባ ወሬው እሷ… ባጃጅ ሲሳፈር የሚከፈተው ያው ዘፈን…

«ያቺ ያንተ ተማሪ አይደለች እንዴ? በለጠችህ እኮ!» ይሉታል።

ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን እራት አይወርድለትም።

ስትደውልለት አያነሳም። ክሊፑንም ላለማየት ብዙ ታገለ… በመጨረሻ ከፈተው።

መሀል ላይ ሲደርስ ደሙ ፈላ።

ተወዛዋዦቹ ሐይቁ ዳር ይጨፍራሉ። ካሜራው ግን እነሱን አያሳይም… ውሃው ላይ ተገልብጦ የሚታየውን ምስላቸውን ነው የሚያሳየው። ድንገት ድንጋይ ይወድቅና ምስሉ ይበታተናል…

ይሄን ቀረጻ ያመጣው ጋሽ ደምሴ ነው! ጎረምሳ ሳለ ጀልባ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ጓደኞቹ እግሩን ይዘውለት፣ «ካሜራው ውሃ ገባ አልገባ» እያለ የቀረጸው!

ስልኩን የወረወረው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው።

«ደውልና ጠይቃት» አለችው እታፈራሁ።

«እኔ? ለሷ? ሞቼ ነው!»

ምን አደረገ መሰላችሁ?

በሐሰት ስም አካውንት ከፈተ። የድሮውን ክሊፕና የሩዋይዳን ጎን ለጎን ለጠፈና «ይቺ ዳይሬክተር ሌባ ናት! ይህ የአንጋፋው ደምሴ ሥራ ነው። ሼር አድርጉ!» ብሎ ጻፈ።

ሕዝቡም ሼር አደረገ…

አቤት ስድብ! «አታፍሪም?» የሚላት… «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» የሚላት…

ጋሽ ደምሴ እያንዳንዱን እንደ ማር እየላሰ አነበበ።

አንድ የአዲስ አበባ ዘፋኝ አዲስ ክሊፑን ሊያሠራት ተስማምቶ ነበር። ወሬውን ሲሰማ ተዋት። ይሄም ጋሽ ደምሴ ጆሮ ደረሰ…

«እሰይ!» አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቤቱ በር ተንኳኳ።

ሩዋይዳ ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታ ከመጠየቅ ማስፈቀድ አይቀድምም?»

«ልክ ነዎት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰርፕራይዝ ላደርግዎት ብዬ እኮ ነው… ክሊፑ ሲወጣ ብደውል ብደውል አላነሱም። ግን… መጨረሻው ራሱ ደስ አላለዎትም?»

«የምን መጨረሻ?»

ሩዋይዳ ግራ ገባት። ስልኳን አውጥታ ክሊፑን ከፈተችለት…

ዘፈኑ አለቀ። ስክሪኑ ጠቆረ። አብዛኛው ሰው አለቀ ብሎ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ፎቶ ብቅ አለ…

ጀልባ ላይ በሆዱ የተኛ፣ ካሜራ ያቀፈ ጎረምሳ።

ራሱ ጋሽ ደምሴ!

ከሥሩ እንዲህ ይላል… «ይህን ቀረጻ የፈጠሩት መምህሬ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ይህ ክሊፕ ለእርሳቸው ይሁንልኝ።»

«ፎቶውን ያኔ እግርዎን ይዘው ከነበሩት ከጋሽ ታደሰ ነው ያገኘሁት» አለችው።



እታፈራሁ ጠጋ አለች። «ታዲያ ልጄ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲሰድብሽ ለምን ይሄን አላሳየሽም?»

«የጻፈው ሰው ጋሼን የሚወድ መሰለኝ… ለሳቸው ተቆርቁሮ ነው አልኩ። እኔ ስሰደብ የሳቸው ስም ይነሳ ነበር። ስንቱ ወጣት የድሮ ክሊፓቸውን ፈልጎ አየው! ‹ግድ የለም ልቻለው› አልኩ… ያ ዘፋኝ ሥራውን ሲከለክለኝ ግን ከበደኝ።»

እታፈራሁ ዞር ብላ ባሏን አየችው… ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

ገባት።

«ደምሴ…» አለች።

ዝም ቢል ሩዋይዳ መቼም አታውቅም ነበር። እሱ ግን ስልኩን አወጣ… ያንን አካውንት ከፍቶ እጇ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ነኝ።»

አልጮኸችም። አልተሳደበችም። አንብባ ስልኩን መለሰችለት።

«ጋሼ… እኔ እኮ ካሜራ የያዝኩት እንደ እርስዎ ልሁን ብዬ ነው» አለችውና ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።

በዚያው ቀን ጋሽ ደምሴ በራሱ ስም፣ ፊቱን እያሳየ ቪዲዮ ለቀቀ። «እሷ ሌባ አይደለችም። ቅናተኛው እኔ ነኝ» አለ።

ስድቡ ወደሱ ዞረ… አንዱንም አላጠፋም።

ያ ዘፋኝ ግን ሥራውን ለሌላ ሰጥቶት ነበር።

ዛሬ ፒያሳ ላይ ሲገናኙ ሩዋይዳ ቆማ ሰላም ትለዋለች። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» ትለዋለች።

ስቱዲዮው ግን ከዚያ ወዲህ ገብታ አታውቅም…

ወዳጆቼ… ቅናት የሰው ስኬት ላይ ዓይናችንን ያስጨፍነናል። የሰውን ደስታ ግማሽ ላይ አቋርጠን «የኔን ወሰዱብኝ» እንላለን… እነሱ ግን መጨረሻው ላይ ስማችንን ጽፈውት ይሆናል። ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ ትልቅነት ነው፤ የተሰበረውን ሁሉ ግን አይመልስም።

እስቲ ንገሩኝ… እናንተ ሩዋይዳን ብትሆኑ ያንን ስቱዲዮ ተመልሳችሁ ትገቡ ነበር? ወይስ ሰላምታው ይበቃዋል ትላላችሁ?