በእናት በኩል

ሐኪሟ የምርመራውን ወረቀት ይዛ ቃል ስትመርጥ፣ አንጓች መራመድ ያቆመውን የአሥራ አንድ ዓመት ልጇን ጉልበት ታሻሽ ነበር። "ጡንቻችን ውስጥ የሕዋሱን ውስጠኛ ክሮች ከሽፋኑ ጋር አያይዞ የሚይዝ ፕሮቲን አለ" አለች ሐኪሟ። "የልጅዎ ሰውነት እሱን አይሠራም። ስለዚህ ጡንቻው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይጎዳል።"

"ከማን መጣበት?"

"ከእርስዎ ነው የተላለፈው። ጥፋትዎ ግን አይደለም።"

አንጓች ልጇን አዝላ ወጣችና የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጎንደር ውስጥ አንድም የምታውቀው ሰው አልነበራትም። አገሯ መካነ ብርሃን ላይ "ከአባቱ ዘር ነው" እያለች ስንት ዓመት ለሰው ሁሉ ተናግራለች። የልጇ አባት ሙሉሰው ፈቷት ሌላ ካገባ በኋላማ ብሶባት ነበር። አሁን አዲሷ ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳለታለች፤ የሕፃኑን እግር እያየ ሲጨነቅ ይውላል ሲሉ ሰምታለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ስልኳን አውጥታ ደወለችለት።

"ሙሉሰው፣ ለሕፃኑ አትስጋ። በሽታው ከአንተ ዘር አይደለም፤ ከእኔ ነው የመጣው። ሐኪሟ ነገረችኝ።"

"ተመስገን!" አለና ሚስቱን ጮክ ብሎ ተጣራ። አንጓች ስለ ልጃቸው እስኪጠይቃት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ጠበቀች። መስመሩ ተዘጋ።

"አባቴ ምን አለ?" አላት ልጇ።

"ሳሚልኝ አለኝ" አለችና ጉንጩን ሳመችው።